ያልተጠራችው አልቃሽ

አንዲት ሴት ነበረች።

ሽማግሌው የክራር መምህር ጋሽ ይርዳው መልሳቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። ተማሪያቸው ጥሩወርቅ ፊታቸው ተቀምጣለች። «ሦስት አሳታሚዎች ዘፈኔን ሰምተው ሳይጨርሱ መለሱኝ። እነሱ ካልተቀበሉኝ ዘፋኝ ነኝ ማለት እችላለሁ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሙሾ አውራጅ። ስታለቅስ ድንጋይ ታባባለች ይሏታል። በዚያ ከተማ ግን የአልቃሾች አለቃ ነበረ። በትልልቅ ሰዎች ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርዱት እሱ የመረጣቸው ብቻ ናቸው። ሄዳ ለመነችው። «ድምፅሽስ መልካም ነበር፤ ግን ማን ያውቅሻል?» ብሎ መለሳት። እሷም ዘመድ የሌለውን፣ ድሃውን፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ስታለቅስ ኖረች።

አንድ ቀን የአንድ ባለጠጋ እናት ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። አለቃው አሥራ ሁለት አልቃሾች ይዞ መጣ። የሟቿን ወርቅ አወደሱ፤ ዘር ቆጠሩ፤ ርስት ጠሩ። ለቀስተኛው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ያዳምጣል እንጂ አንድም ዓይን አላነባም።

ሴትዮዋ መጣች። የባለጠጋው አሽከር ደጅ ላይ አገዳት።

«አልተጠራሽም።»

«ለሠርግ እንጂ ለለቅሶ ማን ይጠራል?» አለችው።

አላስገባትም። እሷም አልተመለሰችም። አጥሩ ሥር ቆማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ዕድሜ አላጎበጠሽ፣ አውቃለሁ እኔማ፣
ልጅሽን ያሳደገው እንጨት ነው እማማ።»

እውነቷን ነው። እሷና ሟቿ በድህነታቸው ዘመን ከጫካ እንጨት ተሸክመው አብረው ይወርዱ ነበር። ልጁ ከከበረ ወዲህ ግን ይህ ነገር በዚያ ቤት አይነሳም።

ድምፅዋ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ አሮጊቶቹ ተነሱ፤ እነሱም በጊዜያቸው እንጨት የተሸከሙ ናቸው። ደረታቸውን እየደቁ ወደ አጥሩ ወጡ። ሌላው ተከተላቸው። አለቃው አሥራ ሁለት አልቃሾቹን ይዞ ባዶ ድንኳን ውስጥ ቀረ።

አሽከሩ ክንዷን ጨምድዶ ያዘ። «ዝም በይ! የጌታዬን ስም እያጎደፍሽ ነው!»

እሷ ጭራሽ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ያን ጊዜ ባለጠጋው ራሱ ወጣ። አሽከሩን «ልቀቃት» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ባለጠጋውም መሬት ላይ ተደፍቶ፣ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ገና ያን ጊዜ አለቀሰ።

ከቀብር መልስ አለቃው ቀረባት። «ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ሁኚ። ግጥሙን እኔ እሰጥሻለሁ።»

«እኔ የማውቀውን ሰው ነው የማለቅሰው» አለችው። «ስጀምርም አንተን አላስፈቀድኩም።»

ጥላው ሄደች። በዚያው ሳምንት አንድ የቀን ሠራተኛ ሞቶ እሱን ስታለቅስ ዋለች።

ጋሽ ይርዳው ወደ ጥሩወርቅ ዞር አሉ።

«ሴትዮዋ ከበረች አልልሽም፤ አልከበረችም። አለቃውም ከሹመቱ አልወረደም። እንደሷ አንቺንም ደጅ ያቆሙሽ ይሆናል፤ ድንኳኑ የእነሱ ነው፣ ይከልክሉሽ። ለቅሶው ግን የእነሱ አይደለም። አሳታሚ ዘፈን ያትማል፤ ዘፋኝ አይሾምም። አንቺ ግን የሚሾምሽ ፍለጋ ከደጅ ደጅ ትዞሪያለሽ። በቃሽ! ነገ ገበያ ነው። ክራርሽን ይዘሽ መሐሉ ላይ ቁሚ። ተነሺ የሚልሽ ካለ፣ እኔም ከበሮዬን ይዤ ከጎንሽ ነኝ፤ ሁለታችንን ያንሳን።»