ያዘመመው መነጽርና የእመት አህይት ጆሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «እየሰማን ነው» በሉኝ። ካላችሁኝ ልቀጥል።

ድሮ፣ አውሬም ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ አንበሶ አረጀ። እግሩ ከዳው፤ ጥርሱ ረገፈ። ስለዚህ ሮጦ ማደኑን ተወና ባለ መነጽር ጠመንጃ ያዘ። መነጽሩን ጠመንጃው ላይ በአራት ብሎን ያሰረችለት እመት ጦጢት ናት። ሥራዋን ስትጨርስ «ልክ ነው» አለች። በምን እንዳወቀች የጠየቃት የለም። ባለሙያ አይጠየቅማ።

መነጽሩ ግን ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ነበር። አያ አንበሶ ዓይኑን ሲያስጠጋ በውስጡ ያለው መስቀለኛ ክር ተንጋደደበት። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ቢያደርግ ቀጥ አለለት። ጌታው ዘንበል ብሎ ሳለ ቀጥ ብሎ መቆም ነውር መስሏቸው ጦጢትም ዘንበል አለች፣ ከርከሮም ዘንበል አለ፣ ቀበሮም ዘንበል አለች። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ሁሉ አንገቱን አዘንብሎ የሚሄድ ሆነ።

ጠመንጃው የሚሞከርበት ቀን ደረሰ። ኢላማውን፣ ማለት አንድ ረጅም ጣውላ፣ እንድትሸከም የታዘዘችው እመት አህይት ናት። ጆሮዋ ከጣውላው በስተቀኝ ብቅ ብሎ ይታያል። ነገሩ ስላላማራት ለምና ከጣውላው አናት ላይ አባ ቱንቢን አሰቀለች። አባ ቱንቢ በክር የሚንጠለጠል እርሳስ ነው፤ ግንበኞች ግድግዳ ሲያቆሙ ቀጥታውን የሚጠይቁት እሱን ነው። የመነጽሩ ማዞሪያ ጥይቱን ሽቅብና ቁልቁል ይመራል፤ ሽቅብ ሲዞር ጥይቱ የአባ ቱንቢን ክር ተከትሎ ከወጣ መነጽሩ ቀና ነው።

አያ አንበሶ ማዞሪያውን ሳይነካ ተኮሰ። ጥይቱ ከአባ ቱንቢ ክር ሥር፣ ጣውላው ላይ የተቀባችው ነጥብ ላይ አረፈ።

«ልክ ነው» አሉ ሁሉም።

ማዞሪያውን ሽቅብ አሥር ጊዜ ቀጭ አደረገና ያችኑ ነጥብ አልሞ ተኮሰ። ጥይቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ግን ከክሩ አራት ጣት ወደ ቀኝ ሸሽቶ።

«ልክ ነው» አሉ።

አሥሩን ቁልቁል መለሰና ተኮሰ። ጥይቱ በመጀመሪያዋ ቀዳዳ ገባ።

«ልክ ነው» አሉ።

መነጽሩ ኮራ። «ውጣ ሲሉኝ እወጣለሁ፤ ተመለስ ሲሉኝ እመለሳለሁ። አንዲት ቀጭ አጓድዬ አላውቅም።»

«ታማኝነትህን ማን ካደህ?» አለው አባ ቱንቢ። «እኔ የማወራው ስለ አቀማመጥህ ነው።»

«አሁን ደግሞ ሃያ ጊዜ ሽቅብ» አለ አያ አንበሶ።

እመት አህይት አሰበች። አሥሩ አራት ጣት ከሸሸ ሃያው ስምንት ጣት ይሸሻል። ከክሩ እስከ ጆሮዋ ደግሞ ስምንት ጣት ነው። አህያ ሂሳብ አታውቅም የሚሉ ሰዎች ጆሯቸው እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ አያውቅም።

«አያ አንበሶ፣ ከመተኮስዎ በፊት አባ ቱንቢን ይጠይቁልኝ» አለች።

ሁሉም መጡና አንገታቸውን አዘንብለው አዩት።

«ይሄ ቱንቢ ወደ ግራ አዝምሟል» አለች ጦጢት።

«ለምን አዘመምክ?» አለው አያ አንበሶ።

«እኔ የተንጠለጠልኩ ነኝ ጌታዬ፤ የምሄደው ክብደቴ ወደሚስበኝ ነው።»

«እና እኛ ሁላችን ተሳስተን አንተ ብቻ ቀና?»

«ስለጠየቁኝ ነው የመለስኩት።»

አባ ቱንቢ እንዲታረም ተወሰነ። ክሩን ጎትተው እነሱ ቀጥ ወዳሉት አቅጣጫ በሚስማር አሰሩት።

«የታሰረ ቱንቢ ድንጋይ ነው» አለ አባ ቱንቢ።

እመት አህይት አልጮኸችም። «እንግዲህ ከታረመ መልካም። እመት ጦጢት፣ ጀርባዬን ደከመኝ፤ ጣውላውን ለአንድ ጥይት ያዥልኝ። ራስሽን እዚህ፣ ጆሮዬ ያለበት ላይ አድርጊው።»

«እኔ ባለሙያ ነኝ እንጂ ጣውላ ያዥ ነኝ?»

«ባለሙያ ከሆንሽማ ልክ መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«ያዢላት» አለ አያ አንበሶ፤ ክርክር አይወድም።

ጦጢት ቆመች። አያ አንበሶ ማዞሪያውን ሃያ ጊዜ ቀጭ አደረገ፤ እሷም አንድ በአንድ ቆጠረች። ሃያኛው ላይ፣ ሳምንት ሙሉ ያዘነበለው አንገቷ ቀጥ አለ።

«አንድ አፍታ ጌታዬ። ብሎኑ በብርድ ሳይላላ አይቀርም።»

«ልክ ነው አላልሽም?»

«ልክ ነው። ልክነቱን ላጠብቀው ነው።»

ሮጣ አባ ቱንቢን ፈታችው። አራቱን ብሎን አላላች፤ መስቀለኛውን ክር ከአባ ቱንቢ ክር ጋር አስተያየች፤ መልሳ አጠበቀች። አያ አንበሶም ወደ ጣውላው መለሳትና ተኮሰ። ጥይቱ ክሩን ታኮ ሽቅብ ወጣ።

ግቢው ሁሉ አንገቱን አቀና። «እኔማ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» አለ ከርከሮ። «እኔም» አለች ቀበሮ። እመት አህይት ሁለት ጆሮዋን አራግፋ ወደ ሣሯ ሄደች።

ተረቴ አለቀ፤ አንገታችሁን ወደ ቦታው መልሱ። «ልክ ነው» የሚላችሁን ሰው አትከራከሩት፤ ኢላማው አጠገብ አቁሙትና ደግሞ እንዲናገረው ጠይቁት።