የስምንት ቀኑ ሳሙና

በአንድ ወቅት፣ ሳሙና እንደ ወንድ ልጅ አርባ ቀን ጠብቆ በሚወጣበት ቤት፣ አራት እህትማማቾች ነበሩ። ቤቱ በዳሞት በኩል፣ ከገበያው በላይ፣ የባህር ዛፍ አጥር ያለው የወይዘሮ አንጓች ቤት ነው። ከአራቱ አንዷ እንጉዳይ ትባላለች። ነገሩ ሁሉ የሆነው እሷ አራስ ሆና፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ እያየች ነውና፣ እናንተም ከእግሯ በኩል ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ።

ወይዘሮ አንጓች፣ የአራቱ እናት፣ ሳሙና ሲሠሩ እሳት አያበዙም። የበሬ ሞራ ያቀልጣሉ፣ የጉሎ ዘይት ይጨምሩበታል፣ ኮስቲክ ሶዳውን ውሃ ውስጥ ጨምረው ያሟሙና ሲበርድ አንድ ላይ ያማስሉታል። እንደ አጥሚት ሲወፍር በእንጨት ሳጥን ይገለብጡትና በጋቢ ይሸፍኑታል። በቃ። ከዚያ በኋላ ኮስቲኩ ቀስ እያለ ከሞራው ጋር ይታረቃል፣ ንክሻውን ይተዋል፣ ሳሙናውም ይጠነክራል። ይህ ሁሉ እስኪሆን አርባ ቀን ነው። ቶሎ ያወጡት እንደሆነ ገላ ይልጣል።

የቤቱ ወግ ደግሞ እንዲህ ነው። ልጅ በተወለደ ዕለት ሳሙና ይፈሳል። ወንዱ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሳ ሲል፣ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ፣ ከሳጥኑ ጥግ የመጀመሪያው ቁራሽ ተቆርጦ ይታጠብበታል። ሴት የሆነች እንደሆነ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነውና ሳሙናዋም እጥፍ ይተኛላታል፤ በዚህ ቤት የሴቶቹ ገላ የሚያምረው ለዚህ ነው ይላሉ ወይዘሮ አንጓች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ልጁ ሲታጠብ ታዲያ ሳሙናውን የሠራችለት ሴት የቤት ስም ታወጣለታለች። የክርስትና ስሙን ቄሱ፣ የቤት ስሙን ሳሙና ሠሪዋ። ስድስት የልጅ ልጆች እንዲሁ ታጥበዋል፣ ስድስቱንም ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ወይዘሮ አንጓች ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሳጥኑ አንዴ ጋቢ ከለበሰ ማንም አይገልጠውም። በር በኃይል አይዘጋበትም፣ አይጮህበትም። ሳሙና ከጊዜው በፊት ሲያዩት ይደነግጣል ነው የሚሉት።

እንጉዳይ ከተዳረች ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ቆይታ ወንድ ልጅ ወለደች። ደስታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ወይዘሮ አንጓች ከጓሮ ሆነው እልልታውን ሲሰሙ እንደ ኮረዳ ሮጡና በረንዳው ላይ ተንሸራተው ቀኝ እጃቸውን ተሰበሩ። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረላቸው። እሳቸው ግን ከእጃቸው ይልቅ የሳሙናው ነገር ነበር ያሳሰባቸው። በግራ እጃቸው ሳጥኑን ጠራርገው ከአራሷ አልጋ አጠገብ አስቀመጡት፤ አቧራ እንዳይገባበትም ጋቢ ጣል አደረጉበት። ከዚያ ገንፎ ሲያገነፉ ለነበሩት ለሦስቱ ልጆቻቸው አንዳችሁ አፍስሱት ብለው አዘዙ።

አንዳችሁ። ይህች ቃል ናት ጉድ ያደረገቻቸው። ትልቋ አትጠገብ፣ ባንቺአምላክ ታፈስሰዋለች ብላ ገንፎዋን ቀጠለች። ባንቺአምላክ፣ ስንዱ አለች ብላ ቅቤ ልታነጥር ሄደች። ትንሿ ስንዱ ደግሞ ታላላቆቿ እያሉ ሳሙና የሚያስነካት ማን አለና። እንጉዳይም በምጥ ድካም እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ማታ ሦስቱም ሲመለሱ ሳጥኑ ጋቢ ለብሶ አገኙት። ጋቢ ከለበሰ ፈሷል ማለት ነው፤ ሦስቱም እሰየው ብለው ተኙ።

ከዚያማ ሠላሳ ሁለት ቀን ያ ሳጥን ተከበረላችሁ። አራስ ጠያቂው ሁሉ በአጠገቡ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ያልፋል። የልጁ አባት አንድ ቀን ጮክ ብሎ ቢያስነጥስ ሂድ ውጣ ተብሎ በረንዳ ላይ እራቱን በላ። ስም እስኪወጣለት ማሙሽ የሚሉት ልጅ ገላው ደግሞ ስስ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የሱቅ ሳሙና ቢያስነኩት እንደ በርበሬ ቀልቶ ሌሊቱን ሁሉ ሲያለቅስ አደረና፣ ከዚያ ወዲህ በለብታ ውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው። እንጉዳይ ጡት ስታጠባው ወደ ሳጥኑ እያመለከተች ታንሾካሹክለታለች፤ ያ ያንተ ነው፣ ሌላ ማንም አልነካውም፣ ትንሽ ታገስ ትለዋለች። እሷም እየታገሰች ነው። ልጇ ስም የሚያገኝበትን ቀን ከእሷ በላይ ማን ይናፍቃል።

በሠላሳ ሁለተኛው ቀን አትጠገብ አራሷን ልትጠይቅ ገብታ ተቀመጠች። አፍንጫዋን ወደ ሳጥኑ አዞረች፣ መለሰች፣ እንደገና አዞረች። የሞራ ሽታ የለም አለች። ሳሙና ሲተኛ ይሸታል፤ ያደግንበት ሽታ ነው፣ የት ሄደ? እንጉዳይ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። ሠላሳ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተኝታ እሷም አልሸተታትም፤ የልጅ ሽታ ሁሉን ነገር ሸፍኖባት ኖሯል። አትጠገብ እጇን ወደ ጋቢው ሰደደች። ሳሙናው ኖሮ ቢበላሽ ዕድሜ ልኳን ስትወቀስ ትኖራለች። ደግሞም ምን አገባት፣ ስምንት ቀን ዝም ብላ ብትቀመጥ ጥፋቱ የሦስቱም ሆኖ ይቀር ነበር። እሷ ግን ገለጠችው። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ሸረሪት ድሯን አድርታ ተቀምጣለች።

አትጠገብ እየተጎተተች ሄዳ ለእናቷ ነገረች። ትልቋ እኔ ነኝ፣ ማፍሰስም ማስፈሰስም የእኔ ነበር አለቻቸው። ባንቺአምላክና ስንዱም ተጠርተው መጡ። አንቺ አይደለሽም ወይ፣ አይ አንቺ ነበርሽ ሲባባሉ ቆዩና፣ በመጨረሻ እንጉዳይ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። ጎረቤቱ በሙሉ ለሸረሪት ሲያሸበሽብ መክረሙን እያሰቡ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ወይዘሮ አንጓች የታሰረች እጃቸውን ታቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ስድስቱን አጥቤ ሰባተኛውን በባዶ ውሃ ልሸኘው ነው?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እኔ በዚህ እጄ ማማሰል አልችልም፤ ስም ማውጣቱም አይገባኝም። ሳሙናውን ለዚህ ልጅ ያደረሰችለት እሷ ስሙን ታውጣለት» አሉ።

ስምንት ቀን ነው የቀረው።

ባንቺአምላክ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ክንዷ እንደ ወንድ ነው። ልጅ ሆና ያየችው ነገር ትዝ አላት። አንድ ዓመት ሳጥኑ ከማድቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ተቀምጦ ነበር፤ በምድጃው በኩል ያለው ጎን ከሌላው በፊት ጠነከረ። እንግዲያው ሳሙናን የሚያስተኛው ብርድ ነው፣ ሙቀት ቢያገኝ ሥራውን ቶሎ ይጨርሳል አለች። ወይዘሮ አንጓች ሳሙና ዳቦ ነው እንዴ የሚጋገረው ብለው ተቆጡ። ይደፈርሳል፣ ይገነፍላል፣ አያድርስ ነው አሉ። እሷም አልጋግረውም እማዬ፣ አሞቀዋለሁ እንጂ አለቻቸው። በዚያው ዕለት ሞራው ቀለጠ፣ ሦስቱም ተፈራርቀው አማሰሉ፣ እናትየዋ በግራ እጃቸው እየጠቆሙ አዘዙ። ባንቺአምላክ ሳጥኑን ተሸክማ ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦው ወጥቶ ምድጃው ሲበርድ፣ ዳቦ ቤት ደረሰች። ባለቤቱ ጋሽ ፈንታሁን ነገ ዳቦዬ አረፋ ሊያወጣ ነው ብለው በር ላይ ቆሙባት። ምድጃዎን በምላሴ ሳይቀር አጸዳልዎታለሁ ብላ አልፋቸው ገባች።

ሙቀቱን የለካችው በእጇ ነው። እጇን ምድጃው ውስጥ አግብታ አቡነ ዘበሰማያትን እስክትጨርስ ከቻለች ልክ ነው፤ ከመሃል ካወጣች ምድጃው ገና አልበረደም። ሦስት ጊዜ መሃል ላይ አወጣች፣ በአራተኛው ጨረሰች። ሳጥኑን አስገብታ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሳሙናው መሃሉ ጠቆረ፣ እንደ ቫዝሊን አበራ፣ አበጠና ሊገነፍል አፉ ላይ ደረሰ። የምድጃውን በር ገርበብ ታደርገዋለች፣ ሲረጋ ትዘጋዋለች፣ ደግሞ ያብጣል፣ ደግሞ ትከፍታለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር በሙሉ ተለብልቦ ነበር። እንጉዳይ ይህን የሰማችው ከራሷ ከባንቺአምላክ ነው፣ በማግስቱ ሳጥኑን ይዛ ገብታ አልጋውን እየደበደበች ስታወራ። ሳሙናው ጠጥሯል። አርባ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሙቀቱ በአንድ ከሰዓት ጠቅልሎታል።

ወይዘሮ አንጓች ግን አላመኑም። ላዩን መጠንከሩን አየሁ፣ ንክሻውን መተዉን ማን ያውቃል አሉ። የሱቁ ሳሙና ያመጣውን ለቅሶ እህትማማቾቹም ሁሉ ሰምተውታል።

ያኔ ስንዱ ቢላ አነሳች። ስንዱ ከልጅነቷ ችፌ ያለባት፣ ገላዋ በነፋስ እንኳ የሚቆጣ ልጅ ናት። ሠርጓም ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከሳጥኑ ጥግ አንድ ቁራሽ ቆርጣ፣ «የእሱን ገላ ከሚነካ የእኔን ይንካ» አለችና ሄደች። አንገቷን ታጠበችበት፣ ሀብል የሚያርፍበትን ቦታ። ማታ አንገቷ እንደ ፍም ቀላ። እህቶቿ ሳሙናው ይጣል አሉ። እሷ አይጣልም አለች፤ በማግስቱ ከመሃሉ ቆርጣ በሌላው ጎን ታጠበች። ምንም የለም። ከጥግ ቆረጠች፣ አቃጠላት፤ ከመሃል ቆረጠች፣ ለሰለሰላት። አምስት ቀን እንዲህ አደረገች። በመጨረሻ ነገሩ ገባቸው። ምድጃው ውስጥ መሃሉ ሲሞቅ ጥጋጥጉ ከሳጥኑ እንጨት ጋር በርዶ ቀርቷል፤ መሃሉ በስሏል፣ ጥጉ ገና ጥሬ ነው። የቤቱ ወግ ደግሞ የልጁን ቁራሽ ከጥግ ቁረጡ ነው የሚለው። እንጉዳይ ይህን ስትሰማ ማሙሽን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

አርባኛው ቀን ነጋ። ከሳሙናው መሃል፣ እንቁላል የምታክል ቁራሽ ተቆረጠች። እንጉዳይ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳፋ ፊት ተቀመጠች። ለብ ያለው ውሃ ተደረገለት፣ አረፋው ነጭ ሆኖ ወጣ፣ እንደ ወተት ስስ ሆኖ በሆዱ ላይ ወረደ። ማሙሽ አላለቀሰም። አንድ ጊዜ አዛጋና እግሩን አራገፈ። ወይዘሮ አንጓች እንባቸውን በግራ እጃቸው ጠረጉና «ስሙስ?» አሉ።

ሦስቱ እህቶች እርስ በርስ ተያዩ። ስም ጠፍቶ አይደለም። አትጠገብ ደረሰ ልትለው አስባለች። ባንቺአምላክ ፍሬው የሚል ስም ይዛ መጥታለች። ስንዱ የያዘችውን ስም ለማንም አልተናገረችም።

«ባልገልጠው ኖሮ» አለች አትጠገብ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ጠዋት ጋቢውን አንስተን ሸረሪት ነበር የምናገኘው።»

«ብትገልጪው ባዶ ሳጥን ነው ያገኘሽው፣ እትዬ» አለች ባንቺአምላክ። «ባዶውን ማየትና መሙላት አንድ ነው? ስምንት ቀን ውስጥ አርባ ቀን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ስንዱ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሳብ አደረገች። ይህን አይታ ባንቺአምላክ ራሷ ዓይኗን ሰበረች፤ እሷ ያሞቀችው ሳሙና ጥጉ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ የማሙሽ ሆድ ምን ይሆን እንደነበር እሷም ታውቃለች። ግን ደግሞ ሳሙናው ባይኖር ስንዱ የምትፈትነው ምን ነበር? ምድጃውስ ቢኖር፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን በጊዜው የሚነግራቸው ባይኖር?

ወይዘሮ አንጓች ሦስቱን አዩና ወደ እንጉዳይ ዞሩ። «የወለድሽው አንቺ ነሽ፤ ፍረጂ» አሏት።

እንጉዳይ ቀና ብላ አየቻቸው። ትልቋ፣ በደልን በራሷ ላይ የወሰደችው። መካከለኛዋ፣ ክንዷ የተለበለበው። ትንሿ፣ ሠርጓ ሲቃረብ አንገቷን የሰጠችው። ሦስቱንም ትወዳቸዋለች፤ ልጁን ደግሞ ነገ ከሦስቱም ጋር ታሳድገዋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ፣ የልጁ አባት በረንዳ ላይ ጫማውን አስሮ ይጠብቃል፣ ማሙሽ እርጥብ ገላውን ይዞ ፊቷን ሽቅብ እያየ ነው። አፏን ከፈተች።

እኔ እዚህ ላይ አቆምኩ። እሷ ምን እንዳለች ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ግን መጀመሪያ የእናንተን መስማት ፈለግኩ፣ እርስ በርስ ስትከራከሩ ማየት ደስ ይለኛል። ልጁን አታብርዱት እንጂ፤ ከገለጠችው፣ ካሞቀችውና ከፈተነችው ስሙን ማውጣት የሚገባት የትኛዋ ናት?