በረኛዋ አህያ

አንድ ጊዜ ዝናብ የጠፋበት ክፉ ዘመን መጣና ወንዙም ኩሬውም ደረቀ። በዚያ አገር የተረፈው ውሃ በድንጋይ ካብ የታጠረ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ብቻ ነበር። አያ አንበሳ አራዊቱን ሁሉ ሰበሰበና ድርቁ እስኪያልፍ ድረስ በካቡ ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይበላ አስማላቸው። እሱ ራሱም አደኑን ከተራራው ማዶ ሊያደርግ ማለ። አያ ጅቦ ብቻ ሆዱ መሐላ እንደማያውቅ ተናግሮ ሳይምል ሄደ።

ካቡ አንድ በር ነበረው። በውስጡ ዝሆን በኩምቢው ውሃ ይቀዳል፤ እመት ጦጣ ደግሞ እሾህ ትነቅላለች፣ ቁስል ታጥባለች። ነገር ግን ሙቀቱ ብርቱ፣ ምግቡም ጥቂት ስለሆነ፣ ፈላጊ ሲመጣ ብቻ እየተነሡ በቀረው ጊዜ ጥላ ሥር እንዲተኙ ተወሰነ። ታዲያ የመጣውን ሰምቶ እነሱን የሚቀሰቅስ በረኛ አስፈለገ። በጆሮ ርዝመት አህያን የሚያህል አልተገኘምና እሷ ተሾመች።

አህያ በሹመቷ ደስ አላት። ክፋቱ ግን አንጀቷ ቶሎ የሚላወስ ነበር። ገና በመጀመሪያው ማለዳ ሚዳቋ መጥታ ውሃ ጥም ሊገድላት እንደሆነ ስትነግራት፣ የሚያንኮራፋውን ዝሆን አየችና መቀስቀሱ አሳዘናት። «ይረፍ እስቲ፣ እኔው አለሁ» አለች። ቅል በሐረግ አስራ ወደ ጉድጓዱ ሰደደችና በጥርሷ ትጎትት ጀመር። ቅሉ ግማሽ መንገድ ላይ እየተገለበጠ ውሃው ይፈሳል፤ እሷም እንደገና ትሰዳለች። ዝሆን ባንዴ የሚቀዳውን እሷ ረፋዱን ሙሉ ለፋችበት። ያን ሳትጨርስ ድኩላ እያነከሰ መጣ። የሱንም እሾህ በጥርሷ ልንቀል ብላ ሰበረችበት። በዚህ መሀል በሩ ላይ ስንቱ ተጣርቶ፣ የሚሰማው አጥቶ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ እመት ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ታይ ነበር። ሮጣ ሄዳ ለአያ ጅቦ በሩ ባዶ መሆኑን ነገረችው። የሷ ድርሻ ግን እንዳይረሳ አጥብቃ አሳሰበችው።

ጅብ ሹልክ ብሎ ገባ። የድኩላን ግልገል ከእንቅልፉ ሳይነቃ እግሩን ያዘና ሊወጣ ሲል ሌላ የሚበልጥ ግልገል ተኝቶ አየ። ሁለቱንም ተመኘ። ሁለተኛውን ለመያዝ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው አምልጦ ጮኸ። ዝሆን ባንኖ ተነሣ፤ ጅብም በኩምቢ ጀርባውን ተመትቶ ባዶ አፉን ፈረጠጠ። የግልገሉ እግር ግን ክፉኛ ተዘንጥሎ ነበር።

አህያ ደሙን ስታይ ቅሉ ከአፏ ወደቀ። አያ አንበሳ ሲመጣ ካሁን አሁን ከሹመቴ ሻረኝ እያለች አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ሥራ ፈትቼ አይደለም» አለችው። «እንግዳ ሳገለግል ነበር።»

«አውቃለሁ» አላት አንበሳ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «እኔ ግን የሾምኩት ጆሮሽን ነው፤ ጀርባሽን አልሾምኩም። ውሃ የሚቀዳ አለን፣ እሾህ የሚነቅልም አለን። አንቺ ከበሩ ስትነሺ የሚሰማ የለንም።»

ነገሩ እንደ ንግግሩ አልቀለላትም። የተጠማ ባየች ቁጥር እግሯ ይበላት ነበር። ሆኖም ቻለችው። አንዱ ሲመጣ ማንነቱንና የመጣበትን ጉዳይ ትጠይቃለች፤ ለጉዳዩ የሚሆነውን ትቀሰቅሳለች፤ እንግዳውን አስረክባው ወዲያው ጆሮዋን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። ሁለት ባንድ ጊዜ ከመጡም ኋለኛውን ተራህ እስኪደርስ በሩ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር አረፍ በል ትለዋለች። ባለሙያዎቹም ሥራቸውን ጨርሰው ተመልሰው ይተኛሉ። ባለጉዳይ ተጣርቶ መመለስ ቀረ።

ቀበሮ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ጅብን ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቀችው። በረኛዋን እሷ ይዛት እንደምትገባ፣ እሱ ያኔ እንዲከተል መከረችው። በዚህ በር የጠየቀውን ያጣ እንደሌለም እግረ መንገዷን ነገረችው። ከዚያ አንድ እግሯን አንጠልጥላ እያለቀሰች ወደ በሩ ቀረበች።

«እህቴ፣ እሾህ ወግቶኝ መራመድ አቃተኝ። በጀርባሽ አዝለሽ ታስገቢኛለሽ?»

አህያ አዘነችላት። አንድ እርምጃ ወደሷ ልትራመድ እግሯን አነሣች። የዚያኔ ከቁጥቋጦው በኩል ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ቀኝ ጆሮዋ ሰማ። ያነሣችውን እግር መልሳ አስቀመጠችና «እመት ጦጣ፣ እሾህ የወጋው እንግዳ መጥቶልሻል!» ብላ ተጣራች።

ጦጣ ዓይኗን እያሸች መጥታ ቀበሮን ጎትታ አስገባቻት። እሾሁን በአንዱ እግር ብትፈልግ አጣች፤ ወደ ሌላው ሄደች። የተጠራችበትን ሥራ ሳትጨርስ መተኛት አትወድምና በጥፍሯ አራቱንም ቆፈረች።

ጅብ ቀበሮ መግባቷን አየና በሩ ባዶ መስሎት ከቁጥቋጦው ወጣ። አህያ እንደ ጉልላት ተተክላ ቆማለች። እንደማንኛውም እንግዳ ጠየቀችው።

«ማነህ? ምን ፈልገህ መጣህ?»

ጅብ ግራ ገባው። የጠየቀ አያጣም የተባለው ትዝ አለውና ምራቁን ዋጠ።

«ሥጋ» አላት።

«መልካም፣ እሱን የሚያውቅ አለን» አለችና ከአደን ተመልሶ በካቡ ውስጥ ጥላ ሥር ወደተኛው አንበሳ አንገቷን መለስ አድርጋ ተጣራች። «አያ አንበሳ፣ የሥጋ ጉዳይ ያለው እንግዳ መጥቷል!»

አንበሳ ገና ሲንጠራራ ጅብ ሸንተረሩን አልፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ያየው የለም። እመት ቀበሮም ሳትታመም ገብታ፣ በአራት እግሯ እያነከሰች ወጣች።

አህያ ግን አንዳቸውንም ቆማ አልተመለከተችም። በመንገዱ ላይ ቀስ እያለች የምትመጣ ኤሊ ኮቴ ጆሮዋ ገብቶ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በር ላይ የተሾመ ሰው ትልቁ ሥራው የመጣውን ሁሉ ራሱ መሥራት ሳይሆን፣ ሰምቶ ለባለሙያው ካስረከበ በኋላ ጆሮውን ለሚቀጥለው እንግዳ መመለስ መሆኑን ነው።