ባለ ሦስት ፊቱ ሰሌዳ

አንድ የደከመው መካኒክ ነበር፤ ዘርጋው ይባላል። ሥራው በአንዲት አቧራማ ከተማ አደባባይ ላይ የቆመውን ተገላባጭ የማስታወቂያ ሰሌዳ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ስላችሁ ዱላ ይዞ እንዳይመስላችሁ፤ ሳይቆም እንዲዞር ማድረግ ነው።

ሰሌዳው አንድ ወጥ ቆርቆሮ አይደለም። አርባ ስምንት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመው የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ዘንግ ሦስት ጎን አለው፤ በየጎኑ የሥዕል ቁራጭ ተለጥፎበታል። ዘንጎቹ እኩል ሲዞሩ ቁርጥራጮቹ ይገጥሙና አንድ ሙሉ ሥዕል ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ቀጭ ቀጭ ይልና ሌላ ሥዕል ይመጣል። እንደገና ቀጭ ቀጭ፣ ሦስተኛው። ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያው። እንዲህ እያለ ከጠዋት እስኪመሽ ይዞራል።

አዲስ የተተከለ ጊዜ የከተማው ሰው ሥራ ፈትቶ ሲያየው ይውል ነበር። ሙሽሮች እንኳ መኪና አስቁመው ፎቶ ተነሥተውበታል። አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ማን ቀና ብሎ ያየዋል! ዘርጋው ራሱ አያየውም። እሱ ሰሌዳውን የሚያውቀው በጀርባው በኩል ነው፤ ጥርሱን፣ ሰንሰለቱን፣ ቅባቱን፣ አቧራውን። በየማለዳው መሰላል አስደግፎ ይወጣል፣ ይወለውላል፣ ቅባት ያጠጣል፣ ይወርዳል። ጉልበቱ ሲወጣ ያመዋል፤ ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። ሰው "እንዴት አደርክ?" ሲለው "እግዜር ይመስገን" ይላል፤ ማን እንደጠየቀው ግን ዞር ብሎ አያይም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደክሞት ነው።

በሰሌዳው አንደኛ ፊት የሳሙና ማስታወቂያ ነበር፤ አንዲት ቆንጆ ልጅ ጉንጯን ይዛ ትስቃለች። በሁለተኛው ፊት አዲስ ፍራሽ ላይ ድብን ብሎ የተኛ ሕፃን አለ። ሦስተኛው ፊት ተከራይ አጥቶ ነጩን ይዞር ነበር።

አንድ ቀን የሰሌዳው ባለቤት የሆነው ነጋዴ ዘርጋውን ወደ ቢሮው አስጠራው። ሲገባ አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች፤ አስካለ ትባላለች። የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ ነው የመጣችው። አባቷ የመርሳት ሕመም ይዟቸው፣ አንድ ጠዋት ከቤት እንደወጡ በዚያው ቀርተዋል።

"ያልፈለግሁበት ቦታ የለም" አለች። "ጠበሉን በለው፣ ሆስፒታሉን በለው፣ ፖሊስ ጣቢያውን በለው፣ እግሬ እስኪያልቅ ዞርኩ። አሁን ወደዚህ በሚመጣ አውቶቡስ ሲሳፈር ያየው ሰው ተገኘ። የትኛው ከተማ እንደወረደ ግን እንጃ።"

ነጋዴው አዘነላት። "ነጩን ከሚዞር የአባትሽን ፎቶ ይዞ ይዙር። ነገር ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው" አላት። "ከዚያ የብስኩት ፋብሪካ ይዞታል፤ ወሩ ባለቀ ሰኞ ፎቶው ይወርዳል። እንዳትቀየሚኝ።"

"ምን ብዬ እቀየማለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችና ወደ ዘርጋው ዞረች። "ጋሼ፣ አባቴ አናጢ ነበር። እጁ አርፎ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን ስሜን እንኳ ረስቶ ሳለ፣ እ..."

"እህቴ፣ ፎቶውን ስጪኝ፤ ሌላውን ተይው" አላት ዘርጋው። "የሚለጠፈው ፎቶው ነው።"

ሴትዮዋ የጀመረችውን ሳትጨርስ ፎቶውን ሰጠችው።

ዘርጋው ፎቶውን በትልቁ አሳተመና ለአርባ ስምንት ቆረጠው። በየቁራጩ ጀርባ ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ዘንጎቹን መሬት ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ ይለጥፍ ጀመር፤ ጆሮ፣ ጺም፣ የአፍንጫ ጥግ። ሃያ ሁለተኛው ቁራጭ ላይ የግራ ዓይናቸው ነበር። ከዓይኑ በላይ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ የቆየ ጠባሳ አለ። ዘርጋው ወረቀቱ የታጠፈ መስሎት ጠባሳውን በመዳፉ ደጋግሞ አሸው። እምቢ ሲለው "የራሱ ጉዳይ!" አለና ወደ ሃያ ሦስት አለፈ። ያን ቀን የሰውየውን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ዳበሰው እንጂ አላየውም ብል አላጋነንኩም።

ፎቶው "እኒህን አባት ያያችሁ" ከሚል ጽሑፍና ከአስካለ ስልክ ቁጥር ጋር መዞር ጀመረ። አስካለ መንገዱ ሩቅ ነውና በየጊዜው መምጣት አልቻለችም፤ በየሳምንቱ ዓርብ ለዘርጋው ትደውላለች።

"ጋሼ፣ ይዞራል?"

"ይዞራል።"

"ሰውስ ያየዋል?"

"መቼም ሰው ዓይን አለው፣ ያያል እንጂ!" ይላታል፤ የሚያይ መኖሩን ግን አረጋግጦ አያውቅም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ዘርጋው አንድ ማለዳ ሲወጣ መሰላሉ እንደወትሮው አልተንቀጠቀጠም። ወደ ታች አየት ሲያደርግ ሁለት ያረጁ እጆች የመሰላሉን እግር ግጥም አድርገው ይዘውታል። ጣታቸው የጠነከረ፣ አንዱ አውራ ጣት ጥፍር የሌለው እጅ ነው። በሰሌዳው ጥላ ሥር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የቀን ሠራተኞችም እዚያው ጥላ ሥር ሥራ ይጠብቃሉ፤ ለሽማግሌው ዳቦ ይቆርሱላቸዋል፣ "አባባ" ይሏቸዋል፣ ከየት እንደመጡ ግን የጠየቃቸው የለም። ጥላው ሲዞር አብረው ይዞራሉ፤ ሲመሽ ደጀ ሰላም ገብተው ያድራሉ።

"በርታ ልጄ፣ ይዤልሃለሁ" አሉት ከታች።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ዘርጋው ቅባቱን እያጠጣ።

በማግሥቱም ያዙለት፤ በሦስተኛውም ቀን። ጭራሽ ልማድ ሆነ። መሰላሉ ገና ሰሌዳውን ሳይነካ እጃቸው ይቀድማል። "ይሄ ቤት መቼ ነው የሚያልቀው?" ይሉታል በየቀኑ፤ የሰሌዳውን ብረት የቤት ዋልታና ማገር አድርገውት መሆን አለበት። "ደረሰ አባባ፣ ደረሰ" ይላቸዋል እሱም በየቀኑ። ጉልበቱ እረፍት አገኘ። እጃቸውን ለመደው፤ ድምፃቸውን ለመደው። ፊታቸውን ቢጠይቁት ግን ጺም ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቅም ነበር።

የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ደረሰ። አስካለ ደወለች። "ጋሼ፣ ሁለት ቀን ቀረው" አለች። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። "ይዞራል አይደል?"

"ይዞራል እህቴ።"

ያን ዕለት ነፋስ ተነሥቶ ሰሌዳው አቧራ በአቧራ ሆኖ ነበር። ዘርጋው የተወሰኑትን ዘንጎች እያወረደ ጠረገ፤ መልሶም ሰካ። ደክሞት ነበርና ሃያ ሁለተኛውን ዘንግ ሲሰካ አንድ ጎን አሳስቶ አዞረው። አልታወቀውም። መሰላሉን ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ጠዋት ሰሌዳው ሲዞር የሳሙናዋ ቆንጆ መጣች፤ በግራ ዓይኗ ቦታ ግን የሽማግሌ ዓይን ፈጦ ነበር፣ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ።

"እንዴ! ይቺን ልጅ ምን አገኛት?" አለ አንድ ጋሪ ነጂ ጋሪውን አቁሞ።

"ሳሙናው ነዋ! በአንድ እጥበት ስልሳ ዓመት ያስረጃል!"

"አንድ ዓይኗ ጡረታ ወጥቷል በሉኛ!"

ሳቁ ከዳር ዳር ተቀጣጠለ። ቀጭ ቀጭ አለና ሕፃኑ መጣ፤ በመሐል ፊቱ ላይ የቆንጆዋ የተኳለ ዓይን ይጠቅሳል። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ የአስካለ አባት መጡ፤ በግራ ዓይናቸው ቦታ የሕፃን አፍንጫ ተተክሏል። አሁንም ሳቁ። ታክሲዎች ቆሙ፣ ከአውቶቡስ መስኮት አንገት ወጣ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ አነሣ። ወር ሙሉ አንድም ሰው ያልቆመለት ሰሌዳ አደባባዩን ዘጋው።

ነጋዴው ለዘርጋው ደወለለት። "ምን ጉድ ነው የሠራኸኝ? የሳሙናው ሰዎች ስልኬን አቃጠሉት እኮ! አሁኑኑ አስተካክል!"

ዘርጋው መሰላሉን ተሸክሞ ደረሰ። "ሐኪም መጣላት!" እያሉ አጨበጨቡለት። ፊቱ ደም መሰለ። አንገቱን ደፍቶ በጀርባው በኩል መሰላሉን አስደገፈ፤ እነዚያ እጆች ወዲያው ያዙለት። ሰሌዳውን አጥፍቶ ወጣ። በቆመበት "አሥራ አንድ ዓመት ሲዞር ማንም አመስግኖኝ አያውቅም፤ ዛሬ አንዲት ዘንግ ብትሳሳት..." እያለ ለራሱ አጉረመረመ። ዘንጉን ለማስተካከል ነቅሎ ማውረድ ግድ ነበር። ነቀለና በቁሙ ወደ ታች ዝቅ አደረገው።

"ልቀቀው ልጄ፣ ይዤዋለሁ" አሉ ሽማግሌው። በአንድ እጃቸው መሰላሉን እንደያዙ በሌላው ዘንጉን ተቀበሉና ጎናቸው አቆሙት።

ዘርጋው የጀመረውን ማጉረምረም ሳይጨርስ ወደ ታች አየ። ዘንጉ ላይ አንድ ትልቅ ዓይን አለ፣ በላዩ የተከፈለ ቅንድብ። ከዘንጉ ጎን አንድ ትንሽ ዓይን ቀና ብሎ ያየዋል፣ በላዩ የተከፈለ ቅንድብ።

መሰላሉን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወዲያ ማዶ ያለው ሕዝብ አሁንም እየሳቀ ነው። ቦታውን የሳተውን ዓይን ለማየት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ቦታው ላይ ያለውን ዓይን ግን እሱን ጨምሮ አንድም ሰው አላየውም ነበር።

"አባቴ" አለ ጎንበስ ብሎ፣ "ስምዎ ማን ነው?"

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። "ረሳሁት ልጄ" አሉ። "አንተ ግን ቀስ ብለህ ውረድ። አይዞህ፣ ይዤልሃለሁ።"

ዘርጋው ወረደና ለአስካለ ደወለ።

"ምነው ጋሼ፣ ቆመ እንዴ?" አለች ገና ስልኩን እንዳነሣች።

"አዎ፣ ቆሟል። ሰሌዳውን ተይው። አሁኑኑ ነይ፣ አባትሽ እዚህ ናቸው።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች። ሕዝቡ ስቆ ስቆ ተበትኗል። አባቷ ከጥላው ሥር መሰላሉን እንደያዙ ቆመዋል። አስካለ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

"ያንተው ነኝ አባዬ። ና፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።"

"ቆይ እስቲ" አሉ መሰላሉን ጠበቅ አድርገው። "ሰው ወደ ላይ ወጥቷል። ጥዬው ብሄድ ይወድቃል።"

አስካለ ወደ ዘርጋው ዞረች። "ስንት ቀን ሆነው እዚህ ከመጣ?"

"ሁለት ሳምንት አለፈው።"

"የት ነበር?"

"እዚሁ። መሰላሌን ይዘው።"

"ልነግርዎት ነበር እኮ ጋሼ" አለች አስካለ ሳትቆጣ። "መሰላል ካየ አያልፍም፣ ሮጦ ነው የሚይዘው። መሰላል ያለበት አካባቢ ጠይቁልኝ ልልዎት ነበር።"

ዘርጋው ሽማግሌው ፊት ሄዶ ቆመ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ትክ ብሎ አየ። ጺማቸው ነጭ ነው። "ወርጃለሁ አባቴ፣ ይልቀቁት" አላቸው።

"ወረድክ?"

"አዎ፣ ወርጃለሁ። እድሜ ለእርስዎ።"

ያኔ እጃቸውን ከመሰላሉ ላይ አነሡና የልጃቸውን እጅ ያዙ።

ሰኞ የብስኩቱ ማስታወቂያ ወጣ። ሰሌዳው ያለ አንዳች ስህተት ይዞራል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ዘርጋው ዛሬም በየማለዳው ይወጣል፤ ጉልበቱ ዛሬም ያመዋል። ከመውጣቱ በፊት ግን በጥላው ሥር የተቀመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየ "እንዴት አደራችሁ? እርስዎስ ከወዴት ነዎት?" ይላል። መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ግን የለም፤ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም ደክሞናል፤ ይህን የሚክድ የለም። ድካማችን ግን አዳልቶ ነው የሚደክመው። የሰው ስህተት ለማየት ሲሆን ጋሪ አቁመን፣ ታክሲ አስቁመን እንቆማለን፤ የሰው ፊት ለማየት ሲሆን ነው ጊዜ የምናጣው። የሰውን ወሬ ሳያልቅ የምንቆርጠው የፈለግነው ነገር ያለው ከቆረጥንበት ቀጥሎ ሊሆን እንደሚችል ሳናስብ ነው። የጠፋ ሰው ሁሉ ሩቅ አገር አልሄደም፤ አንዳንዱ አጠገባችን ቆሞ እንዳንወድቅ እየደገፈን ነው።

ዛሬ ጠዋት የእናንተን መሰላል የያዘው ማን ነበር? ፊቱንስ አይታችሁታል?