ሁለት ጊዜ የተመለሰ ስንቅ

«አንዲት እናት ነበረች» አሉ ሽማግሌው፣ ነጋዴው ጥያቄውን ሲጨርስ። የነጋዴው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «በሐሰት መስክሬ ወንድሜን ከአባታችን ቤት አስወጥቼዋለሁ። አሁን ያለፈውን ላለማንሳት ብዬ በደገስኩ ቁጥር እጠራዋለሁ፤ የክብር ወንበር አዘጋጅለታለሁ። ለምን አይመጣም?»

የዚህች እናት ልጅ አንዳርጌ ታስሮ ነበር። በየማለዳው ስንቅ ታመላልስለታለች። ጠባቂው መርዝ እንዳይኖርበት «ቅመሺ» ይላታል፤ ትቀምሳለች፣ ሰሃኑ ይገባል፣ ባዶው ይመለስላታል። ባዶ ሰሃን ማለት ልጇ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ሰሃኑ እንደሞላ ተመለሰ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት ጠባቂው። ሞተ አላሏት፣ ሬሳ አልሰጧት። አልቅሳ አልወጣላት፣ ተዝካሩንም አላወጣች።

ዘመን ተለወጠና አዲስ ሹም መጣ። እስር ቤቱን አፍርሶ መናፈሻ አደረገው። አበባ አስተከለ፣ ሣር አስነጠፈ፤ የብረቱን በር ግን ጠንካራ ነው ብሎ ቀለም አስቀብቶ ተወው። እዚያ አፈር ውስጥ ስለቀሩት ሰዎች አንድም ቃል አልተነገረም። የደስታ ቦታ ነዋ፣ ማን ሐዘን ያነሳል!

እናቲቱ መናፈሻው ተከፈተ ሲባል ልቧ ተነሳ። ከመሞቴ በፊት ልጄ ባለበት አፈር ላይ ስሙን ጠርቼ ድሃ ላብላ ብላ፣ ያንኑ ሰሃን ሞልታ ሄደች። በሩ ላይ አዲስ ጠባቂ ቆሟል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም እንዳትወድቅ ደገፋት።

«እማማ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሣሩ ይቆሽሻል።»

«ልጄ እኮ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ ይደውሉለትና ወጥቶ ይብላ።»

ምን ያድርግ፣ ማን ነግሮት! እሷም አልተቆጣችውም። «ያኔስ ቅመሺ ብለው ያስገቡልኝ ነበር» አለችና ሰሃኑን መልሳ ቋጥራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፈችም። ሹሙ ግን እስከ ዛሬ ይገርመዋል። «ይህን የመሰለ መናፈሻ ሠርተንላቸው፣ አሮጊቶቹ ለምን አይመጡም?» ይላል።

ሽማግሌው ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሹም ነህ። የበደልክበት ቦታ ላይ አበባ ተከልክ እንጂ በደልኩህ አላልክም። ወንድምህ ድግስህን ጠልቶ አይደለም የሚቀረው። ደጅህ ድረስማ ይመጣል፤ አንተ ቤት ግን ሐዘን ይዞ መግባት ክልክል ነው።»