የዋንዛው የመጨረሻ ልጥ

አንድ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠ መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ለመንደሩ ባዕድ ናት። በትዳር መጥታ፣ ባሏ ገና በወጣትነቱ ሲሞትባት፣ እናኑ ከምትባል ትንሽ ልጇ ጋር እዚያው ቀረች። ጥጥ ፈትላ ታድራለች። ሰው ሲሰበሰብ ከኋላ ትቆማለች፤ ሲበተን ቀድማ ትሄዳለች። እንግዳነቷን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም፤ መንደርተኛውም እንድትረሳው አላደረገም።

በመንደሩ መካከል አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ሸንጎ የሚቀመጠው ከሥሩ ነው። የሙሽራ አጃቢ የሚያርፈው ከጥላው ነው፤ አስከሬን የተሸከሙ ሰዎችም ወደ መቃብር ሲወጡ እዚያ ትከሻ ይቀያየራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዉ ዛፉን የሚወደው ለልጡ ነበር። ከሻካራው ቅርፊት ሥር ያለው ርጥብ ልጥ ተቀቅሎ ሲጠጣ ደረትን ከሳል ያጸዳል ብለው ያምናሉ። የድሮዎቹ ሰዎች ሲቸገሩ ከመዳፍ የማይበልጥ ይወስዱ ነበር፤ ከዚያ የተላጠው ቦታ ጠግጎ እስኪዘጋ ድረስ ዛፉን ማንም አይነካውም።

አንድ ክረምት ክፉ ሳል ገባ። ሳል ያልገባበት ቤት አልነበረም። የመንደሩ ጭቃ ሹም ዘርጋው፣ ቤተሰቤ ብዙ ነው ብሎ ከዛፉ ሰፊውን ወሰደ። ጎረቤቶቹም ተከተሉት። አንዷ ለልጆቿ ላጠች፤ ሌላው ማዶ ላሉ አማቾቹ ላጠ። ገና ያልታመሙትም ሳይቀሩ ነገ ቢያመንስ እያሉ እየላጡ፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አንጠልጥለው አደረቁ። ሁሉም ቢላዋቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ቀና ብለው ቅርንጫፉን ያያሉ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። «ምንም አልሆነም» ይላሉ፤ ይልጣሉ።

ደብሪቱ አልነካችውም። መንደሩ የኔ ነው ለማይል ሰው የመንደሩን ዛፍ መንካት ይከብዳል። በኋላ ግን እናኑ ታመመች። ሳሉ ሲይዛት ትንፋሿ ይቆረጣል፤ ከንፈሯም ይጠቁራል። እናትየው ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሄደች።

«እመቤቴ፣ ከደረቀው ልጥ ትንሽ ብትሰጪኝ፤ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለቻት ለጭቃ ሹሙ ሚስት።

«ውይ፣ ለራሳችንም አልበቃን!» አለች ሴትየዋ በሩን እንደያዘች። ከኋላዋ፣ ከቆጡ ላይ፣ የታሰረው የልጥ ነዶ ይታይ ነበር። ደብሪቱ አየችው። ማየቷን ግን እንዳላየች ሆና ተመለሰች። የሌሎቹንም ደጅ ጠናች፤ መልሱ ያው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዋንዛው ሄደች። ዙሪያውን ዞረች። ግንዱ ሰው ቁመቱ እስከሚደርስበት ድረስ ተገፎ ነጭ እንጨቱ ይታያል። በገደሉ በኩል ብቻ፣ አራት ጣት የምትሆን ቀጭን የቅርፊት መስመር ከመሬት እስከ ቅርንጫፎቹ ሳትቋረጥ ቀርታለች። ደብሪቱ ቆመች። የልጇ ሳል እዚያ ድረስ የሚሰማት መሰላት። «ይቅር በለኝ» አለችው ዛፉን፣ ሰው እንደምታናግር፤ ከዚያም ከመስመሯ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሙሉ ስፋቷን ላጠች። ከወንዝ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ አዩዋት።

እናኑ ዳነች። በልጡ ይሁን በራሷ ጊዜ እግዜር ይወቅ።

ዛፉም ምንም የሆነ አልመሰለም። እንደውም ክረምቱ ወጥቶ የአበባው ጊዜ ሲደርስ፣ ዋንዛው ከዚያ በፊት አብቦ በማያውቀው መጠን አበበ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ንቡ ከየአገሩ ተጠራርቶ የመጣ ይመስል ነበር። «ዛፋችን ተባረከ» አለ ጭቃ ሹሙ፤ ሰዉም ጠላ ጠምቆ ከሥሩ ተቀምጦ ጠጣ። ደብሪቱም ከሩቅ አይታ እፎይ አለች።

አንድ ሰው ብቻ አልተደሰቱም። አያ ይመኑ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ንብ ያነቡ፣ ሸንጎ ላይም የሚዳኙ። ግንዱን ሲያዩት፣ ከተላጠው በላይ ያለው ክፍል እንደ እንቅርት አብጧል፤ ከተላጠው በታች ያለው ግን ባለበት ቀርቷል። ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ለማንም አልተናገሩም።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ በጊዜው መጣ። ዋንዛው ያወጣው ቅጠል ግን ትንንሽ ነበር። ወዲያው ቢጫ ሆነ፤ ገና ሐምሌ ሳይወጣ ረገፈ። መሬቱ በውሃ ረስርሶ እያለ ዛፉ በቁሙ ደረቀ። ቅርንጫፉ በነፋስ ሲሰበር ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ሰዉ አዘነ፤ ሐዘኑም ብዙ ሳይቆይ ቁጣ ሆነ። ጥላ በሌለው ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ።

«ማነው የገደለው?» አለ ዘርጋው።

ሁለቱ ሴቶች ተነሥተው ያዩትን ተናገሩ። ሁሉም ዞሮ ከኋላ የቆመችውን ደብሪቱን አየ።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነበር፣ ጌታዬ» አለች።

«የሁላችንም ልጆች ሲያስሉ ነበር» አለ ጭቃ ሹሙ። «ይህ ዛፍ ከአያቶቻችን ጀምሮ ስንቱን ችሎ ኖረ። እኛም ወሰድን፤ ቆሞ ነበር። አንቺ ስትነኪው ሞተ። ክፉ እጅ ነው ያለሽ።»

ያን ጊዜ አያ ይመኑ ብድግ ብለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ግንዱ ሄዱ።

«እስቲ ስሙኝ» አሉ። «ሥር ውሃ ወደ ላይ ይልካል። ውሃው የሚሄደው በዚህ በእንጨቱ ውስጥ ነው። እንጨቱን አልነካነውም፤ ስለዚህ ቅጠሉ አልጠማውም፤ ለምለም ሆኖ ቆየ። እኛም ለምለም ስላየነው ደህና ነው አልን። ሥሩንስ የሚያበላው ማነው? ሥር ከጨለማ ውስጥ ሆኖ ምግብ አይሠራም። ምግቡን በፀሐይ የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ ሠርቶም ወደ ታች የሚልክለት በዚህ እኛ በላጥነው ልጥ ነው። ልጡ ዙሪያውን ሲያልቅ መንገዱ ተቆረጠ። ምግቡ ላይ ቀረ። ጠላ ጠምቀን የተደሰትንበት አበባ ያ ታች ሊወርድ ያልቻለው ምግብ ነው። ሥሩ ቀድሞ ባስቀመጠው ስንቅ አንድ ዓመት ቆየ። ስንቁ ሲያልቅ ግን በረሃብ ሞተ። ሥር ከሞተ ደግሞ ለቅጠሉ ውሃ የሚልክ የለም።»

ሽማግሌው በግንዱ ላይ ያለውን አንድ የቆየ ጠርዝ በጣታቸው ነኩ።

«ይህ የኔ ነው። ለቀፎ ማሰሪያ ብዬ ላጥሁት። ይህቺ ሴት የወሰደችው አራት ጣት ነው። የቀረውን ባለቤቱ ይናገር።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው በዘንጉ መሬት ጫረ። ዘርጋው ለጥቂት ጊዜ ያንን ሰፊ ነጭ እንጨት ሲመለከት ቆይቶ ፊቱን መለሰ።

«አያ ይመኑ፣ የሚሉት እውነት ሊሆን ይችላል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን አገር ምድሩን ከመንደር ማስወጣት አይቻልም።»

ከዚያ በላይ ማለት አላስፈለገውም። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተነፈሰ መሰለ። ደብሪቱ ከመንደሩ እንድትወጣ ተፈረደባት፤ ከዳኞቹ አያ ይመኑ ብቻ አልፈርድም ብለው ቀሩ።

እንዝርቷን፣ አንድ ቁና እህሏንና ልጇን ይዛ ወረደች። ሽማግሌው እስከ ወንዙ ድረስ ሸኟት።

«ልጄ፣ ይህን ቃሌን ያዥልኝ» አሏት። «እጅሽ የመጨረሻው ነበር እንጂ ብቸኛው አልነበረም።»

ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው። «ግንዱ ሲያብጥ አይተው ነበር አይደል? ያኔ ለምን ዝም አሉ?»

አያ ይመኑ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። «አብቦ ነበር፣ ልጄ። ሲያብብ ማን ይሰማኛል ብዬ ነው» አሉ። እሷም እጅ ነስታ ወንዙን ተሻገረች።

በአዲሱ አገር ሰዎች ከየት እንደመጣች ሲጠይቋት፣ መጀመሪያ ላይ ዝም ትል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን መልስ አገኘች። «የመንደሩን ዛፍ አድርቄ ነው የተባረርሁት» ትላለች። የሽማግሌውን ቃል አልረሳችውም፤ ግን የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ያኛው የመንደር ሙሉ ሰው ፍርድ ነበር። ሳታውቀው የብዙዎቹን አመነች። ሌሊት ሌሊት አራት ጣቷን ዘርግታ ታያለች የሚሏትም ነበሩ።

አንድ ቀን እናኑ፣ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ፣ ከጎኗ ጥጥ እየባዘተች ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ እኔ ያኔ ሞቼ ቢሆን ዛፉ ይኖር ነበር?»

የደብሪቱ እንዝርት ከእጇ ወደቀ። ልጇ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዛው እንደኖረች አሰበች። «አይኖርም ነበር» ልትል ፈለገች፤ እውነቱም ያ ነበር፤ የሚቀጥለው ሳል ሲመጣ ሌላ ሰው ያችን መስመር ይልጣት ነበር። ነገር ግን እሷ ራሷ ከረጅም ጊዜ በፊት ማመን ያቆመችውን ነገር ልጇን እንዴት ታሳምናት? አቅፋት አለቀሰች። እናኑ ግን ልቅሶውን እንደ «አዎ» ወሰደችው።

ወዳጆቼ፣ ብዙ እጅ የገደለውን ነገር በመጨረሻው እጅ ላይ ስንጭን፣ ያ ሰው የማይችለውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ምንም ሳንማር እንቀራለን። ለምለም ቅጠል የጤና ምስክር አይደለም። ቤትም፣ ወዳጅነትም፣ አገርም ሥሩ እየተራበባቸው ለጊዜው ሊያብቡ ይችላሉ። ጉዳቱን ቀድሞ አይቶ ዝም ያለም ከላጩ እኩል ነው።

አሁን ጥላው ሥር የተቀመጣችሁበትን ዛፍ እስቲ ዙሩት። ከተላጠው ውስጥ የእናንተ የትኛው ነው? ሲደርቅስ ጣታችሁን ማን ላይ ልትቀስሩ ነው?