አራትና ሰባት

አንድ ጋዜጣ አከራይ ነበር። ስሙ ምንዳዬ ይባላል። በአንድ ትልቅ ከተማ አደባባይ ዳር ጋዜጦቹን ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጠጠር ጭኖባቸው ይውላል። መግዛት ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ሰው ይከራይና እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። የምንዳዬ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ «ጋዜጣዬ ላይ የጻፈ ይገዛዋል!» ይህን ሕግ ለማስከበር ዓይኑ የጭልፊት ነበር።

ከደንበኞቹ አንዱ ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በየሣጥኑ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ዜና አያነቡም። በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ሱዶኩ በሚባለው የቁጥር እንቆቅልሽ ላይ ያፈጥጣሉ። እርሳስ የላቸውም፣ እስክሪብቶም የላቸውም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ተቀምጠው ጋዜጣውን ንጹሑን ይመልሱና «ተባረክ» ብለው ይሄዳሉ። ምንዳዬ በሆዱ «ምስኪን፣ መሥራቱ አቅቷቸው ቁጥር ሲያዩ ይውላሉ» እያለ ያዝንላቸው ነበር።

የሚታዘንለትስ እሱ ራሱ ነበር። ከስድስት ወር በፊት ምስጢሩ ወጥቶበታል። አሥራ አምስት ዓመት ያሳደጋት ልጁ ከአብራኩ የተወለደች አይደለችም። ይህን የሚያውቁ ሦስት ወዳጆቹ ብቻ ነበሩ፤ ጌጡ፣ ሞላልኝና አንለይ። አንድ ቀን ልጅቷ እያለቀሰች መጥታ «በቀይ መጋረጃ ተጠቅልዬ ነው አሉ የመጣሁት። እውነት ነው?» አለችው። ወሬውን የሰማችው ከሰፈር ነው። መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ምንዳዬም «ማን እንደሆነ እስካውቅ ድረስ» ብሎ ሦስቱንም ከደጁ ከለከለ፤ ሰላምታውንም ነሳቸው።

ከዚያ አንለይ ታመመ። አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ወር አልፎታል። ሁለት ጊዜ «ሳልሞት ዓይኑን ልየው» ብሎ ላከ፤ ምንዳዬ ግን አልሄደም። የታመመ ወዳጅ ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አንድ ሐሙስ ጋዜጣው ከሌላው ቀን ሁሉ የከበደ ሱዶኩ ይዞ ወጣ። ሽማግሌው ሲመልሱት ምንዳዬ ሊቀልድባቸው ፈለገ።

«እህስ ጋሼ፣ ዛሬስ እጅ ሰጡ?»

«አልቋል» አሉት።

«የት ላይ ነው ያለቀው?»

ሽማግሌው ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘጠኙን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ቁጥር በቁጥር ወረዱት። ምንዳዬ እየተጣደፈ በአሮጌ ካርቶን ላይ ጻፈው፤ ጋዜጣው ላይማ እንዴት ይጻፍ! በማግስቱ መልሱ ታትሞ ሲወጣ ከካርቶኑ ጋር አስተያየው። ሰማንያ አንድ ቤት፣ አንድም ስሕተት የለም። ምንዳዬ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ያን ሁሉ ጊዜ ያዘነላቸው ሰው፣ እሱ በወረቀት እንኳ የማይችለውን በጭንቅላታቸው ይዘው ሲመላለሱ ነበር።

ሽማግሌው ሲመጡ ብድግ ብሎ የተቀመጠበትን ዱካ ለቀቀላቸው። «ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! ሳይጽፉ እንዴት ያውቁታል?»

«በአንድ ረድፍ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለው ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል፤ ይህን ታውቃለህ» አሉት ጋዜጣውን ገልጠው። «እይ እንግዲህ። በዚህ ረድፍ ያሉት እነዚህ ሁለት ቤቶች ከአራትና ከሰባት በቀር ሌላ አይቀበሉም። ይህ ሦስተኛው ቤት ደግሞ ሁለትም፣ አራትም፣ ሰባትም ሊሆን ይችላል።»

«ከሁለቱ አራቱ የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ሰባቱስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ምንዳዬ ሳቁ መጣ። «ታዲያ ምኑን አወቁት?»

«ሦስተኛውን ነዋ! ሁለቱ እንደፈለጉ ይቀያየሩ፤ አራትና ሰባት ከእነሱ እጅ አይወጡም። ስለዚህ ሦስተኛው አራትም ሰባትም አይደለም፤ ሁለት ነው። ሰው እዚህ ሲደርስ 'አራቱ የቱ ነው?' እያለ ይደርቃል። ልጄ፣ 'ማን ነው?' ብለህ መልስ ስታጣ 'ማን አይደለም?' ብለህ ጠይቅ። አድራሻው የደበዘዘ ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ነው ባለቤቱን ያገኘው።»

ምንዳዬ የራሱ ነገር ትዝ አለው። ቀይ መጋረጃው! ልጅቷ በመጣችበት ቀን ቤቱ የነበሩት ጌጡና ሞላልኝ ናቸው፤ መጋረጃውን ያዩት እነሱ ብቻ ናቸው። አንለይ ያን ጊዜ ሌላ አገር ይሠራ ነበር፤ የተመለሰው እሷ ድክ ድክ ስትል ነው፤ ያኔም ምንዳዬ የነገረው ከአብራኩ አለመወለዷን እንጂ ስለ መጋረጃው አልነበረም። ወሬው የወጣ ዕለት «የምን መጋረጃ?» ብሎ ሲጠይቀው ምንዳዬ «አስመሳይ!» ብሎ አባሮታል። ከሁለቱ ማን እንዳወራ ዛሬም አያውቅም። አንለይ ንጹሕ መሆኑ ግን ስድስት ወር ሙሉ እጁ ላይ ነበር።

ጋዜጦቹን እንደተዘረጉ ትቶ ሮጠ። ያን ቀን ጋዜጣ ሲያከራዩ የዋሉት ሽማግሌው ናቸው።

አንለይ ከስቶ ከአንሶላው በታች ያለም አይመስልም። ምንዳዬን ሲያይ ቀና ለማለት ሞከረ።

«ማን እንደሆነ አወቅህ?» አለው።

«አላወቅሁም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«አንተ እንዳልሆንክ አወቅሁ» አለና ምንዳዬ እግሩ ላይ ወደቀ።

አንለይም «ይቅር ለእግዜር» አለው፤ እጁንም ራሱ ላይ ጫነለት። ከዚያ በኋላ የኖረው ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኙንም ቀን ምንዳዬ ከራስጌው አልተለየም።

ወዳጆቼ፣ እውነቱ ሁሉ እስኪገለጥልን ብለን በደረቁ ጦስ እርጥቡን የምናነድ ብዙዎች ነን። ሁሉን ማወቅ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ባወቅነው ልክ አለመፍረድ ግን በደል ነው። ከጌጡና ከሞላልኝም አንዱ እስከ ዛሬ ያለ ጥፋቱ ሰላምታ ተነፍጎ ይኖር ይሆናል። እናንተስ «ማን እንደሆነ እስካውቅ» ብላችሁ በር ከዘጋችሁባቸው መካከል፣ እንዳልሆነ ልባችሁ እያወቀ ደጅ ያቆማችሁት ማን ነው?